ጠዋት ጠዋት ማርከሬ (የፔይንትቦል መተኮሻዬ) እምቢ ይለኛል፣ ከሰዓት ግን ደህና ነው። ሞላውን ልቀይር?

የጠባሴ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ስድስት ጓደኛሞች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ፔይንትቦል (ቀለም የያዘች ኳስ የሚተኮስበትን ጨዋታ) እንጫወታለን። ሜዳችን በአንኮበር መንገድ በኩል ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ባሕር ዛፍ ነው። የመሬቱ ባለቤት ፈቅደውልናል። እኛም ችግኝ ሳንረግጥ፣ ከብት ሳናስደነግጥ እንጫወታለን።

ችግሬ ይሄ ነው። ማርከሬ ባለ 0.68 ካሊበር ብሎባክ (ከተኮሰ በኋላ ውስጡ በራሱ ጋዝ ወደኋላ የሚመለስ) ነው፣ የሚሠራው በሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ጋዝ። ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳ ደረስን። ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ምላጭ ስስብ ቦልቱ (ኳሷን የሚያጎርሰው ተንቀሳቃሽ ብረት) ወደፊት ይሄድና እዚያው ይቀራል። በእጄ ወደኋላ ጎትቼ ካስያዝኩት አንድ ይተኩሳል፣ ከዚያ እንደገና ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ የባሰው ይመጣል። ምላጩን አንዴ ስነካው ራሱ ድድድድ ብሎ አራት አምስት ጊዜ ይሄዳል።

በፍጥነት መለኪያ ለካሁት፦ 238፣ 204፣ 261፣ 219 ጫማ በሰከንድ። ወጥ የሚባል ነገር የለውም። 8 ሰዓት ላይ ፀሐይ ጠንከር ስትል ያው ማርከር 270 እና 280 መካከል ገባ። እንደ አዲስ ሆነ።

ሁለት ነገር ጠርጥሬአለሁ። አንደኛ ከፍታው። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው። ሁለተኛ የመዶሻው ሞላ ደክሞ ይሆናል። በጠንካራ ልቀይረው? የሚያውቅ ይንገረኝ። ጓደኞቼ ጠዋቱን ሙሉ እኔን ሲጠብቁ ነው የዋሉት፣ በጣም አዝኛለሁ።

ቆላ ወራጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:05

ወንድሜ፣ ሸዋ ሮቢት ነኝ። የእኔም እንዲህ ፍጥነቱ ወርዶ ነበር። ጠንካራ ሞላ አስገባሁና ተገላገልኩ። መዶሻው ቫልቩን በደንብ ሲመታው ብዙ ጋዝ ይወጣል፣ ፍጥነት ይጨምራል። ቀይረው፣ አትጨነቅ።

ብሩጎላ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:40

ልጆቼ፣ ሞላውን አትንኩ። ቢያንስ ገና ነው።

እኔ ዕድሜዬን ጋራዥ ውስጥ ነው የፈጀሁት። ይሄ ዕቃ የመጣልኝ በልጄ በኩል ነው፣ ግን ስከፍተው የማውቀው ነገር ሆኖ አገኘሁት። ሲሊንደር አለው፣ ፒስተን አለው፣ ቫልቭ አለው። ቆላ ወራጅ ያለው ግማሹ እውነት ነው። ጠንካራ ሞላ ቫልቩን ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍተዋል፣ ፍጥነትም ይጨምራል። ነገር ግን ያንን ሞላ መልሶ የሚጨምቀው ማነው? ያው ጋዙ ነው። የጠባሴ ልጅ ችግሩ ቦልቱ አልመለስ ማለቱ ነው። ጋዙ አሁን ያለውን ሞላ መመለስ ካቃተው የጠነከረውን እንዴት ይመልሰዋል?

አሠራሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እሱን ያወቀ ሰው በሽታውን ራሱ ያገኘዋል።

ቦልት ስንል ብሎን ማለታችን አይደለም። በጠመንጃ ቋንቋ ቃታው ነው። ብሎባክ ላይ ሁለት ቦልት አለ። የፊተኛው ኳሷን ገፍቶ ያጎርሳታል፣ ኳሷ የምትወጣበትን ቱቦም ይዘጋል። የኋለኛው መዶሻው ነው። ሁለቱ በቀጭን ዘንግ ተያይዘዋል። ምላጭ ስትስብ መዶሻውን አንቆ የያዘው ጥርስ ይለቀዋል። ሞላው ወደፊት ይወረውረዋል። የፊተኛው ኳሷን ያጎርሳል፣ መዶሻው ቫልቩን ይመታል። እዚህ ላይ ጋዙ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ወደፊት ሄዶ ኳሷን ያስወጣል። ግማሹ ወደኋላ ዞሮ መዶሻውን ይገፋዋል፣ ጥርሱ እስኪይዘው ድረስ።

እንግዲህ እዩት። ወደኋላ የሚሄደው ጋዝ ከደከመ ወይም በመንገድ ካፈተለከ መዶሻው መንገድ ላይ ይቀራል። ጥርሱ ጋ ለጥቂት ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ ሞላው መልሶ ይወረውረዋል፣ ቫልቩን እንደገና ይመታዋል። ያ ነው ድድድድ የሚልህ። ምላጩ ምንም አላጠፋም።

ጋዝ የሚያፈተልክበት ዋናው በር የኋላ ቦልቱ ላይ ያለችው ኦሪንግ ናት። ትንሽ ጎሚኒ ናት፣ ግን የቤቱ ምሰሶ እሷ ናት። እሷን እይልኝ። ቦልቱን በምን እንደምትቀባውም ንገረኝ።

ከመክፈትህ በፊት ግን ጭምብልህን አድርግ። ሆፐሩን (የኳስ መያዣውን) አንሳ። የጋዝ ሲሊንደሩን ፈትተህ አውጣ። ከዚያ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገህ ሁለት ሦስት ጊዜ ተኩስ። ሲሊንደሩ ከወጣ በኋላም ውስጡ ለአንድ ተኩስ የሚሆን ጋዝ ይቀራል። ሞላ ያለው ዕቃ ነው፣ ሲከፈት ዓይን ላይ ይዘላል።

መንዝ ፊዚክስ | እሑድ፣ ከቀኑ 5:10

ጋሽ ብሩጎላ ውስጡን ጨርሰውታል። እኔ ስለ ጋዙ ልጨምር። መሐል ሜዳ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ብርድ ደግሞ እናውቃለን።

ከፍታውን እርሳው። ሲሊንደርህ ውስጥ ያለው ሲኦቱ አብዛኛው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀት ብቻ ነው። የሲሊንደሩ መጠንም ሆነ ከፍታው አይወስነውም። ደብረ ብርሃን ላይ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ጠለል በ0.3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ያንሳል። ሲሊንደሩ ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠር ባር ነው ያለው። 0.3 እዚያ ውስጥ ምንም ነው።

ሙቀቱን ግን ተመልከት። በ20 ዲግሪ የሲኦቱ ግፊት 57 ባር ገደማ ነው፣ በእናንተ መለኪያ 830 ፒኤስአይ። በ10 ዲግሪ ወደ 45 ባር ይወርዳል። በ0 ዲግሪ 35 ባር ነው፣ 500 ፒኤስአይ ብቻ። ሌሊት ውርጭ የመታው ሲሊንደር ይዘህ ከወጣህ ከሦስት እጅ አንዱን ግፊት ቤት ጥለኸው እንደወጣህ ቁጠረው።

ሌላም አለ። በፍጥነት ደጋግመህ ስትተኩስ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት ይወስዳል። ሲሊንደሩ ራሱን በራሱ ያቀዘቅዛል። በእጅህ ብትነካው በረዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። በብርድ ጠዋት ደጋግሞ የሚተኩስ ሰው ፍጥነቱ እያደር ይወርዳል።

ስሱ አየር የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው። ኳሷ ከቱቦው ከወጣች በኋላ የሚይዛት አየር አነስተኛ ስለሆነ ፍጥነቷ ትንሽ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እሱ ለአንተ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም።

የጠባሴ ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 12:30

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ከፈትኩት።

ልክ ነዎት። ኦሪንጓ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታክል ጭረት አለች። በዓይን አልታየችኝም፣ በጣቴ ሳዞራት ነው የያዘችኝ።

ሌላው ደግሞ አሳፈረኝ ግን ልናገር። ባለፈው ወር ቦልቱን በግራሶ ቀብቼው ነበር። የመኪና ጎማ ኩሺኔታ የሚቀባበት ወፍራሙን። ደህና ያደረግኩ መስሎኝ። ዛሬ ጠዋት ማርከሩን በረንዳ ላይ ትቼው ሞላውን አውጥቼ ቦልቱን በአውራ ጣቴ ገፋሁት። አይንቀሳቀስም። ግራሶው እንደ ቅቤ ረግቷል። ከሰዓት ፀሐይ ላይ አድርጌ ስገፋው ሸርተት ብሎ ሄደ። ጠዋትና ከሰዓት የሚለያየው አንዱ ምክንያት ይሄው ነው።

ብሩጎላ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:15

ልጄ፣ ምንም አያሳፍርም። ግራሶ ጥሩ ነገር ነው፣ ቦታው ግን ኩሺኔታ ውስጥ ነው። ብሎባክ ቦልት በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚመላለስ ቀላል ነገር ነው። ወፍራም ነገር ያንቀዋል።

ሙሉ በሙሉ ጥረገው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተጠቀም፣ ቤንዚን አታስነካው። ከዚያ ለማርከር የሚሸጠውን ቀጭን ዘይት ውሰድ። እሱ ከሌለ በአየር ለሚሠሩ የጋራዥ መሣሪያዎች የሚሆነው ዘይት ይሠራል። ኦሪንጓን በጣትህ አንዴ አልስልሳት። ሁለት ሦስት ጠብታ ደግሞ ሲሊንደሩ በሚታሰርበት አፍ ላይ አድርግና ያለ ኳስ ጥቂት ጊዜ ተኩስ፣ ጋዙ ራሱ ውስጥ ድረስ ያደርሰዋል። ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ እንዳታስገባ። ለጊዜው ያሸረትተዋል፣ ከዚያ ይተንና ጎሚኒውን ደረቅ አድርጎት ይሄዳል። አንዳንዱ ጎሚኒ ጭራሽ ይበላሽበታል።

አዲስ ኦሪንግ ስታስገባ ልኩን ጠብቅ። ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ ተመሳሳይ የምትመስል አግኝተህ ትገዛለህ፣ ግን የፀጉር ያህል ከወፈረች ቦልቱ ይጎተታል፣ ከቀጠነች ታፈተልካለች። ፈተናው ቀላል ነው። ያለ ሞላ፣ ያለ ጋዝ፣ በአውራ ጣት ግፋው። ለስለስ ያለ መያዝ ይኑረው፣ ግን ሳይቆም ይሂድ። ያንን ካለፈ ደህና ናት።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ የፍጥነት ብሎኑን (ፍጥነቱ የሚስተካከልበትን) ነካ። ሩብ ዙር ብቻ። አምስት ተኩስ ለካ። እንደገና ሩብ ዙር። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የቀየረ ሰው የቱ እንዳዳነው አያውቅም።

ሰላም ከደብረ ሲና | ሰኞ፣ ከቀኑ 7:00

ሁላችሁም ስለ ማርከሩ ተናገራችሁ፣ ስለ ኳሷ ማንም አልተናገረም።

የኳሷ ቆዳ ጄላቲን ነው። ብርድ ሲመታት ትደርቃለች፣ ቦልቱ ሲያጎርሳት ቱቦ ውስጥ ትፈርሳለች። እርጥበት ሲያገኛት ደግሞ ታብጣለች፣ ክብነቷ ይጠፋል። ውስጥ ከፈረሰች በኋላ ቀጣዮቹ ሁሉ ጠማማ ይሄዳሉ፣ የፍጥነት ቁጥሩም ይዘላል። እኛ ደብረ ሲና ላይ ጉም ሲመጣ ካርቶኑን በፕላስቲክ ጠቅልለን ቤት ውስጥ እናስቀምጣለን፣ በየጊዜው እናገላብጠዋለን።

ልኳንም እይ። ቱቦውን ፈትተህ ኳሷን በአንድ ጫፍ አስገባት። ቱቦውን ቀጥ አድርገህ ስትይዘው ራሷ ተንከባልላ ከወጣች ለቱቦው ትንሽ ናት፣ ጋዙ በጎኗ ያልፋል። ካልወጣች በአፍህ እፍ በላት። እፍ ስትላት የምትወጣ ኳስ ትክክለኛዋ ናት። ፍጥነትህ በ40 እና በ50 የሚዋዥቅ ከሆነ ግማሹ ጥፋት የኳሷ ሊሆን ይችላል።

የጠባሴ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

እህቴ፣ ይሄንን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የእኔዎቹ ተንከባልለው ይወጣሉ! ከጓደኛዬ ጠበብ ያለ ቱቦ እዋሳለሁ።

አንድ ጥያቄ። ጓደኛዬ ጠዋት ሲሊንደሩን ከከሰል ምድጃ አጠገብ እናሙቀው ይላል። ይቻላል?

መንዝ ፊዚክስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:25

በፍጹም። በእግዚአብሔር ስም አታድርጉት።

ሲኦቱ ከ31 ዲግሪ ካለፈ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት አይችልም። ከዚያ በኋላ ግፊቱ በፍጥነት ይወጣል፣ በተለይ ሲሊንደሩ ከልክ በላይ የተሞላ ከሆነ። የደህንነት ዲስኩ ይፈነዳል፣ ዲስኩ ካልሠራ ደግሞ የባሰ ይመጣል። ሲሊንደር የሚሞላው በሚዛን ነው። 20 አውንስ የሚባለው 567 ግራም ጋዝ ይይዛል፣ ከዚያ በላይ አይጨመርበትም። ሲሞላ ቆመህ ሚዛኑን እይ።

ማሞቅ ከፈለግህ ማታ ቤት ውስጥ አሳድረው። ጠዋት በጋቢ ጠቅልለህ ውሰደው፣ እስክትጫወት ድረስ ጋቢው ውስጥ ይቆይ። የሰው ክፍል ሙቀት ይበቃዋል። ስትተኩስ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ታች ደፍተህ አትቆይ። ፈሳሹ ወደ ማርከሩ ይፈስሳል፣ ውስጥ ገብቶ ሲተን ኦሪንጉን ያደርቀዋል፣ ፍጥነቱንም ድንገት ያዘልለዋል።

ቆላ ወራጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

ይሄን ሁሉ ከሲኦቱ ጋር ከምትታገል የታመቀ አየር ለምን አትጠቀምም? ሬጉሌተር (ግፊቱን ወጥ የሚያደርግ ዕቃ) አለው፣ ውጪው ውርጭ ይሁን ሐሩር ወደ 850 ፒኤስአይ ገደማ ነው የሚሰጥህ።

ብሩጎላ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ልክ ነህ፣ ለብርድ አገር እሱን የሚያህል የለም። ችግሩ ሙሌቱ ነው። እነዚህ ሲሊንደሮች 3,000 ወይም 4,500 ፒኤስአይ ይሞላሉ። የጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር የመኪና ጎማ ነው የሚሞላው፣ አሥር ባር አካባቢ ነው ጉልበቱ። ለዚህ አይሆንም፣ ማንም ሰው እዚያ እንዳይሞክር። የጠላቂዎች ሲሊንደር የሚሞላበት ዓይነት ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል። እስኪገኝ ድረስ ልጁ በያዘው ይጫወት።

የጠባሴ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6:45

ከሜዳ ነው የምጽፈው። ዛሬም ውርጭ ነበር፣ ውሃ መያዣ ላስቲካችን ላይ በረዶ ሠርቷል።

አዲስ ኦሪንግ፣ ቀጭን ዘይት፣ ግራሶው ተጠርጎ፣ ጠባብ ቱቦ፣ በጋቢ የተጠቀለለ ሲሊንደር። ሞላው ያው የድሮው ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት፦ 268፣ 271፣ 266፣ 270፣ 269። የፍጥነት ብሎኑን ሩብ ዙር ፈታ አደረግኩት፣ 279 ላይ ቆመ። እኛ የተስማማንበት ጣሪያ 280 ነው።

ቦልቱ አንዴም አልቀረም። ድምፁ ራሱ ተለውጧል። ድሮ ደነዝ ያለ ነበር፣ አሁን ቀጭ ብሎ ይመለሳል።

ጋሼ፣ መምህር፣ እህቴ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቆላ ወራጅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹን ይዤ ሸዋ ሮቢት ልወርድልህ ነው። ጨዋታ አዘጋጅ!

መንዝ ፊዚክስ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:30

ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ስማኝ። ጣርማበርን አልፈህ ስትወርድ ሙቀቱ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። ውርጭ ላይ 279 ያስተካከልከው ማርከር ሸዋ ሮቢት በ30 ዲግሪ ላይ 279 አይተኩስም። ግፊቱ 72 ባር ገደማ ይደርሳል።

ቁጥር ብቻ እንዳይመስልህ። የኳሷ ክብደት 3 ግራም ያህል ነው። በ280 ጫማ በሰከንድ 11 ጁል ገደማ ይዛ ትመታለች። በ330 ከሆነ 15 ጁል ይሆናል። ፍጥነቱ ትንሽ ሲጨምር ምቱ ብዙ ይጨምራል። ብዙ ሜዳዎች ከ300 በላይ የማይፈቅዱት በከንቱ አይደለም። ጭምብሎቹም የሚፈተኑት ለዚያ መጠን ነው። እዚያ ደርሰህ አንድም ሰው ላይ ሳትተኩስ በፊት ለካ። ሲሊንደሩንም መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተወው።

ሰላም ከደብረ ሲና | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12:50

እኔም ልጨምር፣ መንገዱ ላይ እኔ ስላለሁ። ማርከሩ ከሩቅ ሲያዩት ከጠመንጃ አይለይም። ቱቦውን ፈትታችሁ፣ በቦርሳ ዘግታችሁ ያዙት። አውቶቡስ ላይ ወይም መናኸሪያ ውስጥ ማንም እንዳያወጣው። የምትጫወቱበትን ቦታ ለቀበሌውና ለአካባቢው ሽማግሌዎች አስቀድማችሁ ንገሩ። እኛ የነገርነው እንዲህ ብለን ነው፦ ይሄ ዕቃ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ለጨዋታ አልነበረም፣ የሚቆረጥ ዛፍና ከብት በቀለም ምልክት ለማድረግ ነው፣ ማርከር የተባለውም ለዚያ ነው፣ ጨዋታው የመጣው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ አባት ሰምተው «በጎቻችንን ምልክት ልታደርጉልን ነዋ!» አሉን። ፈቀዱልን።

ቆላ ወራጅ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3:15

ኑ፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል። ቦታውንም አስፈቅጃለሁ።

መምህር ያለው ግን አሳስቦኝ ትናንት የራሴን ለካሁት። ያንን ጠንካራ ሞላ አስገብቼ ከተጫወትኩ በኋላ ለክቼው አላውቅም ነበር። ቀትር ላይ 327 አወጣ። ከወንድሜ ጋር ስንጫወት ነው የቆየሁት። የድሮውን ሞላ መልሻለሁ። ጋሼ፣ መጀመሪያ የሰጠሁትን ምክር ሰርዣለሁ፣ ማንም እንዳይከተለው።

የጠባሴ ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:40 (ከሳምንት በኋላ)

ከሸዋ ሮቢት ተመለስን። ስንደርስ ከላይ እስከ ታች ላብ ነበርን። ሲሊንደሮቹን ከመኪናው አውጥተን ማንጎ ጥላ ሥር አደረግናቸው። ከዚያ ለካን።

የእኔ የመጀመሪያ ተኩስ 312። ደብረ ብርሃን ላይ ምንም ሳልነካው ነው የወረድኩት። የፍጥነት ብሎኑን አንድ ሩብ አጠበቅኩ፣ 298። ሌላ ሩብ፣ 286። ትንሽ ጨምሬ 277። ስድስታችንም ተራ በተራ አስተካከልን፣ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ማንም አላጉረመረመም። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲጨምር እንደገና ለካን፣ የሁለት ልጆች ከ280 አልፎ ነበር፣ መለስነው።

ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ለመሞከር ያህል ያንኑ ማርከር አወጣሁት። 241። ብሎኑን መልሼ ፈታሁት። አሁን ከቦርሳዬ ላይ ወረቀት ለጥፌአለሁ፣ በአንድ በኩል ደጋ፣ በሌላ በኩል ቆላ፣ ከየትኛው ቦታ ብሎኑ ስንት ሩብ እንደሚዞር ተጽፎበታል። ቢሆንም ሁሌም እለካለሁ።

ልኳ ትክክል የሆነች ኦሪንግ አሥር ገዝቼ አምስቱ ተርፈውኛል። ደብረ ብርሃን ወይም ጫጫ አካባቢ ያለ ሰው ከፈለገ እዚሁ ይጻፍልኝ፣ ቅዳሜ ሜዳ ላይ እሰጠዋለሁ።